"ሽንቴን ያቃጥለኛል" ብላ መጣች፦ በ9 ሳምንት እርግዝና ላይ የወጣ የብልት ሄርፐስ

መነሻ

ይሄን ጉዳይ ለመጻፍ በጣም አመንትቻለሁ። አንደኛ ስለ ብልት ቁስል በግልጽ ማውራት እኛ ጋ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሁለተኛ ደግሞ ታሪኩ ውስጥ የራሴ ስህተት አለበት። አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የምሰራ ሚድዋይፍ ነኝ። ባለጉዳይዋ "ጻፊው ሲስተር፣ እንደኔ ሌሊት ሽንት ቤት ቁጭ ብላ የምታለቅስ ካለች ታንብበው" ብላ ፈቅዳልኛለች። ማንነቷ እንዳይለይ ስራዋን፣ ሰፈሯንና ቀኖቹን ትንሽ ቀያይሬያለሁ፣ የህመሙና የህክምናው ነገር ግን እንደነበረ ነው።

ማን ነበረች

27 ዓመቷ ነው፣ ልብስ ትሰፋለች፣ ካገባች 14 ወሯ፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ። የሚኖሩት ከአማቷ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ክትትል የጀመረችው እኛ ጋ ሲሆን የመጀመሪያ ምርመራዎቿ (ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስ፣ የደም ማነስ) ሁሉም ደህና ነበሩ። ፎሊክ አሲድ ትወስዳለች፣ ማቅለሽለሹ ስለከበዳት ምግብም ውሃም ብዙ አይረጋላትም። ይቺ የውሃ ነገር በኋላ ትመጣለችና ያዟት። እዛ ቦታ ላይ ከዚህ በፊት ምንም አይነት ቁስል ወጥቶባት አያውቅም።

የመጀመሪያው ቀን እና የኔ ስህተት

ሰኞ ጠዋት ነው፣ ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። ገባችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ሽንቴን ሲወርድ ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴንም ይቆረጣጥመኛል" አለችኝ። በእርግዝና ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በየቀኑ የምናየው ነገር ስለሆነ አእምሮዬ ወዲያው እዛ ሄደ፣ ሽንት አስመረመርኩ፣ ነጭ የደም ሴል ታየ፣ ለጤና መኮንኑ ነገርኩት፣ ለእርጉዝ የሚሆን አንቲባዮቲክ ተጻፈላት፣ ሄደች። በቃ። አምስት ደቂቃም አልፈጀ።

"እስቲ አልጋው ላይ ውጪና ልይሽ" አላልኳትም። እሷም አፍራለች፣ እኔም ቸኩያለሁ። ሌላው ቢቀር አንድ ጥያቄ ብጠይቃት ኖሮ ይለይ ነበር፦ የሚያቃጥልሽ ከውስጥ ነው ወይስ ሽንቱ ወጥቶ ቆዳሽን ሲነካው? የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲሆን ማቃጠሉ ከውስጥ ነው፣ ቁስል ሲኖር ግን ሽንቱ ውጪ ላይ ሲያርፍ ነው እሳት የሚሆነው። በኋላ ስጠይቃት "እንዴ ሲስተር፣ ውጪ ነው እንጂ! እሱን አልጠየቅሽኝማ" አለችኝ።

ነጭ የደም ሴሉም ቢሆን ከቁስሉ ወደ ሽንቱ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ አልዋሸም፣ እኔ ነኝ ቸኩዬ ያነበብኩት።

ቤት ውስጥ የተደረገው

በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ነገሩ ባሰ። ለአማቷ "ትኩሳት አለኝ" ስትላቸው ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው በቡና አጠጧት። እሷ ደግሞ የተረፈውን ጭማቂ በድብቅ ቁስሉ ላይ ቀባችው፣ በማግስቱ ዴቶል ውሃ ውስጥ ጨምራ ታጠበች። ዴቶሉን ስትነግረኝ እኔ ራሴ አሞኝ ነበር። የተላጠ ስጋ ላይ ኬሚካል ማለት እኮ ነው!

ስለ ምች ካነሳን አይቀር፣ ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣውን ነገር "ምች መታኝ" የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ሄርፐስ የሚባለው ቫይረስ ነው። ዓይነት 1 ብዙ ጊዜ ከንፈር ላይ፣ ዓይነት 2 ብዙ ጊዜ ብልት ላይ ይወጣል፣ ግን ቦታ ይቀያየራሉ፣ በአፍ የሚደረግ ግንኙነት ዓይነት 1ን ወደ ብልት ሊያወርደው ይችላል። አልማዝ ባለጭራ የምንለው ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ቢሆንም ሌላ ቫይረስ ነው። አማቷ በኋላ "አልማዝ ባለጭራ ነው አሉ" ብለው ለጎረቤት ሲያወሩ እሷ ዝም አለች። እኔም አላረምኳቸውም፣ ገመናዋ ነው።

ስናያት

ረቡዕ ከሰዓት ተመልሳ መጣች፣ እግሯን ከፍታ ነው የምትራመደው፣ ወንበር ላይ መቀመጥ አልቻለችም። ትኩሳቷ 38.6 ነበር። አልጋ ላይ ስትወጣ ገና ሳልነካት ማልቀስ ጀመረች። በሁለቱም የብልት ከንፈሮች ላይ ከአስር በላይ ትንንሽ ቁስሎች፣ ግማሾቹ ገና ውሃ የቋጠሩ፣ ግማሾቹ ፈንድተው የተላጡ፣ አንዳንዱ ጋ ተገጣጥመው አንድ ሆነዋል። ብሽሽቷ ላይ ግራና ቀኝ ንፍፊት ወጥቶ ሲነካ ያማል።

ዶክተሩ አይቶ ሄርፐስ ነው፣ የመጀመሪያ ጊዜ ነው አለ። የመጀመሪያው ጊዜ ሰውነት ምንም መከላከያ ስላላዘጋጀ ከባዱ እሱ ነው፣ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ንፍፊት አብሮ ይመጣል፣ ካልታከመ ሁለት ሶስት ሳምንት ይቆያል። ሌሎቹንም አሰበ። የቂጥኝ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ከርክር (ሌላው በግንኙነት የሚተላለፍ የብልት ቁስል) ያማል ግን እንዲህ ውሃ ቋጥሮ አይጀምርም። ቢሆንም የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራው ተደገመ (ሁለቱም ነጻ)፣ ቀኑ ገና ስለሆነ ከሶስት ወር በኋላ እንዲደገም ቀጠሮ ተያዘ። ከቁስሉ ናሙና በጥጥ ተወስዶ ለፒሲአር (ቫይረሱን ራሱን ለሚፈልግ ምርመራ) ተላከ፣ ደም ደግሞ የሄርፐስን ዓይነት ለሚለይ የአይጂጂ ምርመራ፣ ማለትም ሰውነት ለቫይረሱ የሰራውን መከላከያ ለሚያየው። እነዚህ በየጤና ጣቢያው የሚገኙ አይደሉም፣ ቤተሰቡ ከኪሱ ከፍሎ ነው። ውጤት እስኪመጣ ግን አልተጠበቀም። የሄርፐስ መድሃኒት የሆነው አሲክሎቪር 400 ሚሊ ግራም በቀን ሶስት ጊዜ ለ10 ቀን፣ ፓራሲታሞል፣ እና ማደንዘዣ ሊዶኬይን ጄል ተጻፈላት።

ፋርማሲው

እዚህ ጋ ነው ሁለተኛው መሰናክል። ፋርማሲ ስትሄድ የነበረችው ልጅ "እርጉዝ ነሽ እንዴ? ከሶስት ወር በታች? እኔ ብሆን አልወስድም፣ ክሬሙ ይሻልሻል" አለቻት። እሷም ሁለት ጊዜ ብቻ ውጣ አቆመች፣ ክሬም ገዝታ ገባች።

ፋርማሲስቷን አልፈርድባትም፣ በመጀመሪያዎቹ ሶስት ወራት መድሃኒት መፍራት መልካም ልማድ ነው። አሲክሎቪር ላይ ግን ብዙ መረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የዴንማርክ ትልቅ ጥናት ከ830,000 በላይ ወሊዶችን አይቶ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሶስት ወራት አሲክሎቪርን ወይም የሱን ቤተሰብ መድሃኒቶች ከወሰዱት 1,804 እናቶች ከባድ የአፈጣጠር ችግር የታየው 2.2 በመቶ ላይ ነው፣ ካልወሰዱት ላይ ደግሞ 2.4 በመቶ። ማለትም ልዩነት አልታየም። ክሬሙ በበኩሉ እዚህ አይነት ቁስል ላይ የሚጠቅመው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ቫይረሱ ያለው ነርቭ ውስጥ ነው።

ይሄን ሁሉ ክሊኒክ ውስጥ እያለች ብንነግራት ኖሮ ፋርማሲው ላይ አትደናገጥም ነበር። ማዘዣው ላይ "እርጉዝ መሆኗን አውቀን ነው ያዘዝነው" የሚል አንድ መስመር እንኳን አልጻፍንም።

ሌሊቱ

ሐሙስ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ሸናች፣ ከዛ በኋላ እንቢ አለ። ፊኛዋ ሞልቶ እየተሰማት ሽንት ቤት ትሄዳለች፣ ቁጭ ትላለች፣ አይወርድም። መጀመሪያ ቃጠሎውን ፈርታ የያዘችው መስሏት ነበር፣ ሊነጋጋ ሲል ግን ብትፈልግም አልወጣም። እንዲህ የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው፣ አንዱ ህመሙን ፈርቶ መያዝ፣ ሌላው ደግሞ ቫይረሱ ከጀርባ አጥንት ግርጌ የሚወጡትን ነርቮች ሲያስቆጣቸው ፊኛ ትእዛዝ አይሰማም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባሏ ታክሲ ጠርቶ ሆስፒታል ወሰዳት፣ ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ሲገባላት ከ800 ሚሊ ሊትር በላይ ወጣ።

ሁለት ቀን ካቴተሩ ቆየ፣ አሲክሎቪሩ እንደገና ከአንድ ተጀመረ፣ ትኩሳቱም ወረደ። እሁድ ሲወጣላት በራሷ ሸናች። ደውላ "ሲስተርዬ ሸናሁ!" ያለችኝን አልረሳውም፣ ልጅ የወለደች ነው የምትመስለው።

ህመሙን የቻለችበት መንገድ

መድሃኒቱ ተጀመረ ማለት ህመሙ ቆመ ማለት አይደለም። አዳዲስ ቁስል ለተወሰኑ ቀናት መውጣቱን ሊቀጥል ይችላል፣ እሷም ላይ ቀጥሎ ነበር፣ "መድሃኒቱ አልሰራም" ብላ ደንግጣ ደወለችልኝ። ከሁሉም በላይ የረዳት ሳፋው ነው። ሰፊ ሳፋ ላይ ለብ ያለ ውሃ ትንሽ ጨው ጣል አድርጋ፣ እዛው ውስጥ ቁጭ ብላ መሽናት። ሽንቱ ወዲያው በውሃው ስለሚበርድ ቁስሉን አያቃጥለውም። ውጪ ከሆነች ደግሞ በጠርሙስ ለብ ያለ ውሃ እያፈሰሰች። ይሄን ከመጀመሪያው ቀን ብነግራት ምናልባት የሐሙሱ ሌሊት ባልመጣ ነበር ብዬ አስባለሁ፣ እርግጠኛ መሆን ግን አልችልም።

ውሃው ላይ ደግሞ ትልቅ ነገር ነበር። ማቅለሽለሹም አለ፣ መሽናትም ስለፈራች ጭራሽ መጠጣት አቁማ ነበር፣ ሽንቷ ወፍሮ ቢጫ ሆኖ ይበልጥ ያቃጥላታል፣ ሲያቃጥላት ደግሞ ይበልጥ ትቀንሳለች። በአንዴ ጠጪ ስትባል ስለሚያስመልሳት በየ15 ደቂቃው ሁለት ሶስት ጉንጭ ተባባልን፣ በዛ ተለቀቀ።

ሊዶኬይን ጄሉን ከመሽናቷ አምስት ደቂቃ ቀደም ብላ በስሱ ትቀባ ነበር፣ ሰርቶላታል፣ ግን ቀኑን ሙሉ መለቃለቅ የለበትም፣ ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል። ፓራሲታሞሉን እስኪያማት ከመጠበቅ በሰዓቱ መውሰዷ ለውጥ አመጣ። ጎረቤት ዳይክሎፌናክ ሰጥታት ነበር፣ እሱን እንዳትወስድ ነገርናት፣ የዚህ ቤተሰብ የህመም ማስታገሻዎች (አይቡፕሮፊንም ጭምር) ለእርጉዝ አይመከሩም። ቤት ውስጥ ያለ ፓንት ሰፊ ቀሚስ፣ ስትወጣ ጥጥ፣ የተላጠው ላይ ስስ ቫዝሊን፣ ከታጠበች በኋላ በፎጣ ከመፈተግ ለስለስ አድርጎ መጫን ወይም በአየር ማድረቅ። ሰገራም ፈርታ ድርቀት ይዟት ስለነበር ተልባ ጀመረች።

በ16ኛው ቀን አብዛኛው ቁስል ቅርፊት አወጣ፣ በሶስተኛው ሳምንት ጠባሳም ሳይቀር ጠፋ።

"ላስወርደው?"

ካቴተሩ እንዳለ ሆስፒታል ልጠይቃት ሄጄ ባሏ ቡና ሊያመጣ ሲወጣ እጄን ይዛ "ልጁ ተበላሽቶ ከሚወለድ ላስወርደው?" አለችኝ። ይሄ ጥያቄ ለሶስት ቀን ሆዷ ውስጥ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው፣ ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም አልተነፈሰችም።

ያልኳት እንዲህ ነው። አደገኛው ጊዜ መጨረሻው ነው እንጂ መጀመሪያው አይደለም። አንዲት እናት ልትወልድ ስትቃረብ አዲስ ከተያዘች ወደ ህጻኑ የመተላለፍ እድሉ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል፣ ምክንያቱም መከላከያ ሰርታ ለልጇ ለማስተላለፍ ጊዜ የላትም። በእርግዝና የመጀመሪያ አጋማሽ የተያዘች ግን ከ1 በመቶ በታች ነው። ሰውነቷ በቀሪዎቹ ወራት መከላከያ ይሰራል፣ እሱም በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ልጁ ይሻገራል። ማህፀን ውስጥ እያለ ልጁን የሚጎዳበት አጋጣሚ አለ ግን በጣም ብርቅ ነው። "ስለዚህ ቀድሞ መጥቶ ነው የተሻለው?" አለችኝ። ከዘገየው ይሻላል አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለች።

ባልና ሚስት

ውጤቱ ሲመጣ ናሙናው ዓይነት 2 ሆነ፣ የደሟ አይጂጂ ለዓይነት 2 ነጻ። ማለትም ቅርብ ጊዜ ነው የተያዘችው፣ ሰውነቷ ገና አልመለሰም (ከ12 ሳምንት በኋላ ሲደገም ፖዘቲቭ ሆኗል)። እኔ እዚህም አፌን አልሰበሰብኩም፣ "ከባለቤትሽ ነው ማለት ነው" አልኳት። ቤት ስትገባ ምን እንደተፈጠረ ገምቱት። እሱ "እኔ ንጹህ ነኝ፣ አንቺ ከየት አመጣሽው" አለ፣ እሷ ልብሷን በሻንጣ ይዛ እናቷ ጋ ሄደች።

በአራተኛው ቀን ሁለቱንም አንድ ላይ ጠራናቸው፣ በዚህኛው ዶክተሩ ነው ያወራው። የባልየው ደም ዓይነት 2 ፖዘቲቭ ነበር። ዶክተሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ "ይሄ ምርመራ ቫይረሱ እንዳለህ ይናገራል፣ መቼ እንደገባ አይናገርም፣ ዘንድሮም ይሁን ከ10 ዓመት በፊት ወረቀቱ አንድ ነው" አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሰዎች 520 ሚሊዮኑ ዓይነት 2 አለባቸው፣ አብዛኞቹ አያውቁትም። ምልክት ሳይኖር ቆዳ ላይ ቫይረሱ ብቅ የሚልባቸው ቀናት አሉ፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም፣ ስለዚህ አንድ አልጋ ላይ ለወራት ለዓመታት ተኝተው አንዱ ሳይያዝ ሊቆይ ይችላል።

ባልየው ብዙ ዝም ካለ በኋላ "ከጋብቻ በፊት ጀምሮ አልፎ አልፎ ትንሽ ስንጥቅ ይወጣብኛል፣ በሶስት አራት ቀን ይድናል፣ ምላጭ ነው ብዬ..." አለ። እሷ አየችው። ያመነችው ይመስለኛል፣ ወይም ለማመን ወሰነች፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በሳምንቱ ቤቷ ተመለሰች።

ቀሪው እርግዝና

በ24ኛው ሳምንት አንዴ ተመለሰባት፣ ሁለት ቁስል፣ አምስት ቀን፣ ትኩሳት የለም። ከሁለት ቀን በፊት ጭኗን ጠዝጥዟት ስለነበር ምልክቱን አወቀችው። ቁስል ባለበት ወቅት ግንኙነት የለም ተብሎ ተስማሙ። ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ አሲክሎቪር 400 ሚሊ ግራም በቀን ሶስት ጊዜ እስክትወልድ ወሰደች፣ ይሄ ምጥ ሲመጣ ቁስል የመኖር እድሉን ይቀንሳል። ካርዷ ላይ በግልጽ ተጻፈ፦ ምጥ ሲጀምር በደንብ መብራት ይታይ፣ ቁስል ወይም መጠዝጠዝ ካለ ኦፕራሲዮን፣ ከሌለ በምጥ። እሷ መጀመሪያ "ካርዱ ላይ አይጻፍ፣ ሰው ያየዋል" ብላ ነበር። ተረኛው ሰው ካላወቀ ማን ያይልሻል ብለን አሳመንናት፣ ስሙን በእንግሊዝኛ ምህጻር ጻፍነው። በ39 ሳምንቷ ምንም ቁስል ሳይኖር በምጥ ወለደች፣ ሴት ልጅ፣ 3.1 ኪሎ።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

ክሊኒካችን ውስጥ የተቀየረው ይሄ ነው። ሽንት ያቃጥለኛል የምትል እርጉዝ "ውስጥ ነው ውጪ?" ትጠየቃለች፣ ውጪ ካለች ትታያለች፣ ወረፋው ቢረዝምም። ለእርጉዝ የምናዝዘው መድሃኒት አስፈሪ ከመሰለ ማዘዣው ላይ የእርግዝናው ሳምንት ይጻፋል፣ ለሷም ፋርማሲ ምን ሊሏት እንደሚችሉ አስቀድመን እንነግራታለን። የሳፋው ዘዴ፣ "ስድስት ሰዓት ሙሉ ሽንት ካልወረደ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ" የሚለው እና አዲስ ቁስል ቢወጣ አትደንግጪ የሚለው በመጀመሪያው ቀን ይነገራል። ከማን መጣ ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ብቻዋን እያለች መልስ አንሰጥም፣ ሁለቱም ሲቀመጡ ምርመራው የማይናገረውን ቀድመን እንናገራለን። ሁሉም አልተሳካም። ወንዶቹን ማምጣት አሁንም ከባድ ነው፣ ከሶስቱ አንዱ ቢመጣ ነው።

ላንቺ ደግሞ፣ ቤት ሆነሽ የምታነቢው፦ ቁስሉ ሳይደርቅ መታየት ይሻላል፣ ከደረቀ ናሙናው ላያሳይ ይችላል። ታጥበሽ፣ ቀብተሽ፣ አሽሞንሙነሽ አትምጪ፣ እንዳለ ነይ።

አራስ ቤት

በስምንተኛው ቀን ገንፎ ልበላ ሄድኩ። ጡት እያጠባች ነው፣ ጡት ላይ ቁስል እስከሌለ ድረስ ማጥባት ችግር የለውም። ልጅቷ ትኩሳት፣ መጥባት እንቢ ማለት፣ መፍዘዝ ወይም ሰውነቷ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ካሳየች ሳያድሩ ይዘዋት እንዲመጡ ተነግሯቸዋል፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ለዚህ ንቁ መሆን ያስፈልጋል።

ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያሉ ይገባሉ። አንዲት አክስት ከንፈራቸው ጥግ ላይ ትኩስ ምች ወጥቶባቸው ልጅቷን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ባልየው ልጅቷን ከመሃል አንስቶ ደረቱ ላይ ለጠፋት፣ "እትዬ ይቅርታ፣ ምቹ እስኪለቅዎት በሩቁ ይመርቁልን" አላቸው። አክስትየዋ ትንሽ ቅር አላቸው፣ ከዛ እጃቸውን ዘርግተው "እደጊ፣ ተመንደጊ" ብለው መረቁ። እናትየዋ አልጋዋ ላይ ሆና እሱን እያየች ገንፎዋን ቀጠለች።